ቴስት ሲወድቅ ምን ይበል? ስለ ኤረር ሜሴጅ አጻጻፍ ከስራ ያገኘሁት

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን የምጽፈው ቴስት፣ ማለትም ሌላ ኮድ በትክክል መስራቱን የሚፈትሽ ኮድ ለሚጽፉ፣ በተለይ ደግሞ ሌላ ሰው የሚጠቀምበትን የቴስት ሄልፐር (ቴስቶች ደጋግመው የሚጠሩት አጋዥ ፈንክሽን) ወይ ቱል ለሚሰሩ ልጆች ነው። እኔ የክፍያና የደረሰኝ ሶፍትዌር የሚሰራ ቲም ውስጥ የቴስቱን ጎን ነው የምይዘው፣ አብዛኛው ፓይተን ነው፣ የድሮው ሲስተማችን ጃቫ ነው፣ ትንሽ ጎ የሚባለው ቋንቋም አለ። ብዙ ሰው ቴስት ሲባል የሚታየው ማለፉ ነው፣ አረንጓዴ ሲሆን ደስ ይለናል በቃ። ግን እኮ ሲያልፍ ማንም አያነበውም። የሚነበበው ሲወድቅ ነው፣ የሚያነበው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቴስቱን የጻፈው ሰው አይደለም፣ ሌሊት ሲአይ (ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይ ወድቆ ጠዋት ቀድሞ ቢሮ የገባው ልጅ ነው፣ ኮዱን አይቶት አያውቅም፣ የጻፈው ሰው ለቆ ሄዷል ወይ እረፍት ላይ ነው፣ እጁ ላይ ያለው ያቺ መልእክት ብቻ ናት። ስለዚህ መልእክቱን የምንጽፈው ለዛ ልጅ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ስልክ ቁጥር የሚያጣራ ፈንክሽን አለን እንበል። እኛ አገር ሞባይል ለረጅም ጊዜ በ09 ብቻ ነበር የሚጀምረው፣ በፈረንጅ 2022 ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ፣ እና በዛ ሰአት ስንት ሲስተም ላይ 09 ብቻ የሚል ማጣሪያ ተቀምጦ እንደነበር መገመት ነው። አሁን ቴስቱ ውስጥ አሰርት ትሩ (ውጤቱ እውነት ካልሆነ ቴስቱን የሚጥለው ትእዛዝ) ብላችሁ ፈንክሽኑን ብትጠሩት፣ ሲወድቅ ከፓይተን ጋር የሚመጣው የቴስት ላይብረሪ ዩኒትቴስት የሚላችሁ «ፎልስ ኢዝ ኖት ትሩ» ነው። አለቀ። የቱ ቁጥር ነው፣ ምን ሲደረግ ነው፣ ለምን ነው፣ ምንም የለም። ጠዋት የገባው ልጅ ኮዱን ከፍቶ፣ ቴስቱን ፈልጎ፣ ፕሪንት ጨምሮ፣ እንደገና አስኪዶ ነው ያቺን ቁጥር የሚያገኛት።

እኔ እንዲል የምፈልገው እንዲህ ነው፦ «ስልክ ቁጥር 0700000000 ይቀበላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፣ ማጣሪያው ግን አልተቀበለውም። ምክንያት፦ መነሻው 07 ነው፣ የተፈቀደው መነሻ 09 ብቻ ነው»። ይሄን ያነበበ ሰው ኮድ ሳይከፍት ችግሩን አውቆታል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይሄን መልእክት ለመጻፍ ቴስቱን ማሳመር ብቻ አይበቃም። ፈንክሽኑ ራሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመልስ ከሆነ ምክንያቱን እዛው ውስጥ ጥሎት ወጥቷል፣ ቴስቱ ከየት ያመጣዋል? እኛ ጋ ማጣሪያዎቹን ከነምክንያታቸው እንዲመልሱ ስንቀይራቸው የቴስቱ መልእክት ራሱ ተስተካከለ፣ አፑ ላይ ለደንበኛው የሚወጣው ጽሁፍም አብሮ ተሻለ። ጥሩ መልእክት መጻፍ ሲያቅታችሁ አንዳንዴ ችግሩ አማርኛችሁ ወይ እንግሊዝኛችሁ ሳይሆን ኮዱ መረጃውን ቀድሞ መጣሉ ነው።

ፓይቴስት የሚባለውን የፓይተን ቴስት ቱል የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙውን ስራ እሱ ይሰራላችኋል። ተራውን አሰርት ስትጽፉ ፋይሉ ሲጫን እሱ ከኋላ እንደገና ይጽፈዋል፣ ስለዚህ ሲወድቅ በግራና በቀኝ የነበረውን ዋጋ፣ የተጠራው ፈንክሽን የመለሰውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ግን ይሄን የሚያደርገው ለቴስት ፋይሎቹ፣ ለኮንፍቴስት (የቴስቶቹ የጋራ ማዘጋጃ ፋይል) እና ለፕለጊኖች ነው፣ እናንተ ለብቻው ያስቀመጣችሁት የሄልፐር ፋይል ላይ አያደርገውም። ብዙ ቲም ደግሞ አሰርቶቹን ሰብስቦ ሄልፐር ውስጥ ነው የሚከታቸው፣ ከዛ መልእክቱ ድንገት ባዶ «አሰርሽን ኤረር» ይሆናል፣ ሰው ግራ ይገባዋል። መፍትሄው ሬጂስተር አሰርት ሪራይት የሚባለውን ፈንክሽን የሄልፐሩን ስም ሰጥቶ መጥራት ነው፣ ያውም ሄልፐሩ ኢምፖርት ከመደረጉ በፊት፣ ከዛ በኋላ ከሆነ አይሰራም። ኮንፍቴስት ፋይሉ አናት ላይ አስቀምጡት።

ሄልፐር ካነሳን አይቀር፣ ሄልፐር ውስጥ የወደቀ ቴስት የሚያሳየው የመስመር ቁጥር የሄልፐሩን ነው፣ እሱ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፣ መቶ ቴስት የሚጠራው ያንኑ መስመር ነው። ጎ ላይ ለዚህ ቲ ዶት ሄልፐር የሚባል አለ፣ ከጎ 1.9 ጀምሮ በ2017 የገባ፣ የፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ስትጠሩት የሚታየው መስመር የጠሪው ይሆናል። ፓይቴስት ላይም ትሬስባክሃይድ የሚባለውን ቫሪያብል ትሩ ብታደርጉት የሄልፐሩን ክፍል ከትሬስባኩ፣ ማለትም ኤረሩ የመጣበትን መንገድ ከሚያሳየው ዝርዝር፣ ይደብቀዋል። ጥቃቅን ነገር ይመስላል ግን ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ፋይል የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እኔን በጣም ያስቸገረኝና በጣም ያስተማረኝ አንድ አይነት መልእክት አለ፣ እሱም «115.00 ተጠብቆ 115.00 ተገኘ» የሚለው ነው። ይሄን ያነበበ ሰው ቱሉ ራሱ የተበላሸ ነው የሚመስለው። የሆነው ምን መሰላችሁ፣ 100 ብር ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ሲጨመር በተራ ፍሎት (ኮምፒውተሩ ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት የሚይዝበት ታይፕ) 100 ሲባዛ በ1.15 የሚሰጠው 114.99999999999999 ነው፣ 115 አይደለም። ቴስቱ በትክክል ያዘው። መልእክቱን የሚያዘጋጀው ኮድ ግን ብር ስለሆነ ብሎ ሁለት ዴሲማል ላይ አጠጋግቶ አሳየው፣ የያዘውን ልዩነት ራሱ መልሶ ደበቀው ማለት ነው። ለብር ዴሲማል የሚባለውን የቁጥር ታይፕ መጠቀም አለባችሁ፣ እሱ የታወቀ ነው፣ እኔ ማለት የፈለኩት ግን ኤረር ሜሴጅ ውስጥ ቁጥር አታሳምሩ ነው። ለደንበኛ የሚታየው ይመር፣ ለቴስት ጥሬው ይውጣ።

ከዚህ የባሰው አማርኛ ጽሁፍ ላይ ነው የሚመጣው፣ እና ይሄን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቱቶሪያሎች ላይ አታገኙትም። ደረሰኝ ላይ የሚወጣ አረፍተ ነገር የሚፈትሽ ቴስት አለ፣ ወደቀ፣ የተጠበቀውና የመጣው ስክሪን ላይ ቁጭ አንድ ናቸው። ዓይን እስኪፈዝ ብታዩት ልዩነት የለም። ለምን? አንዱ ጻፊ አራት ነጥብን በአንድ ፊደል፣ ማለትም በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) 1362 ጽፎታል፣ ሌላኛው ደግሞ ኪቦርዱ እንደዛ ስለሚቀለው ሁለት ነጥብን፣ 1361ን፣ ሁለት ጊዜ መትቶ ነው። በአብዛኛው ፎንት ላይ አንድ ነው የሚመስሉት፣ ለኮምፒውተሩ ግን አንደኛው አንድ ካራክተር ሌላኛው ሁለት ካራክተር ነው። ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም አንድ የሚባሉ አጻጻፎችን ወደ አንድ መልክ ማምጣት፣ ብታደርጉም አይፈታም፣ ስታንዳርዱ እነዚህን ሁለቱን አንድ ናቸው አይልም።

ሞክሼ ፊደሎቹም እንደዛው። «ጸሐይ» እና «ፀሀይ»፣ «ሰላም» እና «ሠላም»፣ ለኛ በንባብ አንድ ነው፣ ለስትሪንግ (ለጽሁፍ ዳታ) ማወዳደሪያ ግን ሌላ ነው፣ ሰ 1230 ላይ ሠ 1220 ላይ ነው የተቀመጠው። እነዚህን በትልቅ ፎንት ዓይን ሊለያቸው ይችላል፣ ሲአይ ሎግ ላይ ግን በትንሽ ፎንት መሃል ላይ የገባች አንዲት ሐ ማን ያያታል። ከዛ ደግሞ ከዌብሳይት ኮፒ ተደርጎ የመጣ ጽሁፍ ውስጥ ጭራሽ የማይታይ ዜሮ ዊድዝ ስፔስ ይኖራል፣ መጨረሻ ላይ የቀረች ባዶ ስፔስ ትኖራለች።

እኛ ቱላችን ውስጥ ያስገባነው ደንብ ቀላል ነው፣ እና ከሁሉም ለውጦች በጣም የጠቀመን እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሁለት ዋጋዎች እኩል ካልሆኑ ነገር ግን ሲታተሙ አንድ አይነት ጽሁፍ ከሆኑ ወይም ርዝመታቸው የተለያየ ሆኖ ዓይን የሚያምታታ ከሆነ፣ መልእክቱ ዝም ብሎ ደግሞ አያትማቸውም። ታይፓቸውን ይናገራል፣ ምክንያቱም አንዱ ቁጥር 115 ሌላው ስትሪንግ «115» ሊሆን ይችላል። ርዝመታቸውን ይናገራል። መጀመሪያ የተለያዩበትን ቦታ ይናገራል። እዛ ቦታ ላይ ያለውን የዩኒኮድ ቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጽሁፎቹ በዓይን ይመሳሰላሉ ግን አንድ አይደሉም። 24ኛው ካራክተር ላይ 1362 ተጠብቆ 1361 ተገኘ። ርዝመት 24 ተጠብቆ 25 ተገኘ»። ፓይተን ላይ ለመጀመር ያህል ሬፕር የሚባለው ፈንክሽን የማይታዩትን ካራክተሮች ገላልጦ ያሳያል፣ ሞክሼዎቹን ግን እንዳሉ ነው የሚያትማቸው፣ ለነሱ አስኪ የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ፣ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቁጥሩ ይቀይረዋል። ለማንበብ አያምርም ግን እውነቱን ይናገራል።

ሰአትና ቀን ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። «12 ተጠብቆ 11 ተገኘ» የሚል ቀን የሚፈትሽ ቴስት አስቡ፣ ቀን ያልፋል ማታ ይወድቃል። የሲአይ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ዩቲሲ (የአለም መነሻ ሰአት) ላይ ናቸው፣ እኛ በሶስት ሰአት እንቀድማለን፣ ስለዚህ ከኛ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሶስት ሰአት ያህል ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው ያለው። መልእክቱ ውስጥ ሙሉ ቀኑ፣ ሰአቱና የሰአት ዞኑ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በአንድ እይታ ይለያል። የኛን ካላንደር የሚነካ ኮድ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ቀን አንድ መስመር ላይ አትሙ። 2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች፣ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፣ 11 አይደለም። አዲስ አመት ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የጻፈ ቴስት በዛ አመት መውደቁ አይቀርም፣ መልእክቱ «ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ተጠብቆ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ተገኘ፣ በኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን 2016፣ ያለፈው አመት ጳጉሜ 6» ካለ አንባቢው ኮዱ ሳይሆን ቴስቱ ነው የተሳሳተው የሚለውን ወዲያው ይደርስበታል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጥሩ መልእክት ጥፋቱ ኮዱ ላይ ነው ወይስ ቴስቱ ላይ የሚለውን ለመለየት ያግዛል።

የተጠበቀና የተገኘ ስል ቅደም ተከተሉን አታምታቱ። የጃቫው ቴስት ቱል ጄዩኒት፣ አሰርት ኢኳልስ (ሁለት ዋጋ እኩል መሆኑን የሚፈትሸው) ላይ መጀመሪያ የተጠበቀውን ነው የሚቀበለው፣ ገልብጣችሁ ከሰጣችሁት ቴስቱ ሲያልፍ ምንም አይታወቅም፣ ሲወድቅ ግን ውሸት ይናገራል። የጃቫስክሪፕቱ ጄስት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ኤክስፔክት ውስጥ የሚገባው የመጣው ዋጋ ነው፣ የተጠበቀው ኋላ ነው የሚሰጠው። ከጄዩኒት 4 ወደ 5 የምትሻገሩ ከሆነ ይሄን ልብ በሉ፣ በ4 መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ በ5 መጨረሻ ሆኗል። ሶስቱም ስትሪንግ ከሆኑ ኮምፓይለሩ ምንም አይላችሁም፣ መልእክታችሁን ከተጠበቀው ዋጋ ጋር ያወዳድረዋል፣ የመጣውን ዋጋ ደግሞ እንደ መልእክት ያትመዋል፣ ከዛ የሚወጣውን ሎግ ለማንበብ መሞከር ራሱ ያደክማል። ጎ የሚጽፉ ሰዎች የያዙት ልማድ ደስ ይለኛል፣ ፈንክሽኑን ከነኢንፑቱ ይጽፉና ይሄን ሰጠ፣ የፈለኩት ይሄን ነበር ይላሉ፣ ጎት እና ዋንት ብለው። አጭር ነው፣ ሁሉም አንድ አይነት ስለሚጽፍ ሰው አይምታታም።

ሌላ አጥብቄ የማምንበት ነገር፣ መልእክት ያየውን ይናገር እንጂ ግምቱን እንደ እውነት አይናገር። የሆነ ጊዜ ቲማችን ውስጥ አዲስ የገባች ልጅ ነበረች፣ ጎበዝ ናት፣ ጠዋት ገብታ የወደቀውን ስታይ «ዳታቤዙን ማግኘት አልተቻለም» ይላል። አመነችው፣ ለምን አታምነውም። ኔትወርክ የሚይዘውን ልጅ አስነሳች፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ተደረገ፣ ፓስወርድ ታየ፣ ግማሽ ቀን እንዲህ ሄደ። ለካ ዳታቤዙ ደህና ነው፣ ማይግሬሽን (ቴብሎቹን የሚፈጥረው ስክሪፕት) ሳይሮጥ ቀርቶ አንድ ቴብል አልነበረም፣ ሄልፐሩ ግን ማንኛውንም ኤክሴፕሽን (ኮዱ የሚወረውረውን ኤረር) ይዞ ያንኑ አረፍተ ነገር ነበር የሚያትመው። ምንም ባይል ይሻላት ነበር፣ ቢያንስ ኦሪጅናሉን ትሬስባክ ታይ ነበር። ከዛ በኋላ የጻፍናቸው መልእክቶች ሁሉ መጀመሪያ ምን ሲደረግ ምን እንደታየ ይናገራሉ፣ ግምት ካለ «ምናልባት» ብሎ ከታች በራሱ መስመር ይመጣል፣ ዋናው ኤረር ደግሞ አይጠፋም። ፓይተን ላይ ሬይዝ ስታደርጉ ፍሮም ብላችሁ የመጀመሪያውን ኤክሴፕሽን አያይዙት፣ ጎ ላይ ከ1.13 ጀምሮ በፐርሰንት ደብሊው መጠቅለል ይቻላል። የኤክሴፕሽኑን ስም አትተርጉሙት፣ አታሳጥሩትም፣ ሰው ኮፒ አድርጎ ጎግል የሚያደርገው እሱን ነው። የቀረውን ቲማችሁ ቶሎ በሚገባው ቋንቋ ጻፉት፣ እኛ የቢዝነስ ደንቡን የሚያስረዳውን መስመር በአማርኛ ነው የምናደርገው።

ብራውዘር ቴስት የምትሰሩ፣ ሴሌኒየም (ብራውዘርን በኮድ የሚነዳ ቱል) ላይ የሚጠብቀው ኮድ ጊዜው ሲያልፍበት የሚሰጣችሁ ታይምአውት ኤክሴፕሽን ብዙ ጊዜ መልእክቱ ባዶ ነው። ፓይተን ላይ አንቲል የሚባለው ሜተድ ግን ሁለተኛ አርጉመንት ይቀበላል፣ መልእክት ማለት ነው፣ ብዙ ሰው አይሞላውም። «ክፈል የሚለው በተን እስኪነቃ ተጠብቆ ነበር፣ አልነቃም» ብላችሁ ሙሉት፣ የነበራችሁበትን ዩአርኤልም ጨምሩበት፣ ግማሹ ጊዜ ችግሩ ሎግኢን ገጽ ላይ ተመልሶ መሆኑ ነው። ሌላው የብራውዘር ቱል ፕሌይራይት ሲጠብቅ የነበረውን በራሱ ይዘረዝራል፣ እሱ ጋ ስራችሁ ይቀላል።

ርዝመት ላይ፣ ብዙ መረጃ ይሰጥ ስል ሙሉ ጄሰኑን (የዳታውን ጽሁፍ) ድፉት ማለቴ አይደለም። ሶስት መቶ መስመር ጄሰን ውስጥ አንድ ፊልድ ሲለያይ የሚያስፈልገው ያ ፊልድ ከነመንገዱ ነው፣ «ደረሰኝ፣ እቃዎች፣ ሁለተኛው፣ ዋጋ» ብሎ። መጀመሪያ መስመር ላይ ዋናው ይግባ፣ ፓይቴስት መጨረሻ ላይ በሚያወጣው አጭር ማጠቃለያ ላይ የሚታየው የመልእክቱ መጀመሪያ ነው፣ ዝርዝሩ ከታች ይከተል። እና እባካችሁ ቶክን፣ ፓስወርድ፣ የእውነተኛ ደንበኛ ስልክ ቁጥር መልእክት ውስጥ አይግባ፣ የሲአይ ሎግ ብዙ ሰው ያየዋል፣ ለብዙ ጊዜም ይቀመጣል። ቱላችሁ እነዚህን ፊልዶች በራሱ እንዲሸፍን አድርጉት፣ የሰው ጥንቃቄ ላይ አትተማመኑ።

በፓራሜትራይዝ፣ ማለትም በተለያየ ዳታ ደጋግማችሁ የምታስኬዷቸው ቴስቶችም አይዲ (መለያ ስም) ስጧቸው። ዲክሽነሪ ስትሰጡት፣ የአርጉመንቱ ስም ዳታ ከሆነ፣ ፓይቴስት በራሱ «ዳታ0»፣ «ዳታ1» እያለ ነው የሚጠራቸው፣ «ዳታ7 ወደቀ» ማለት ለማንም ምንም አይነግርም፣ «በ07 የሚጀምር ቁጥር» የሚል ትርጉም ያለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከሰጣችሁት ግን ስሙ ራሱ ግማሽ መልእክት ነው።

ታዲያ መልእክቱ ጥሩ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? እኛ ጋ የሚሰራው እንዲህ ነው፣ ቴስት የጻፈ ሰው ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን ተቀበሉኝ የሚለው ጥያቄ) ከመክፈቱ በፊት ኮዱን ሆን ብሎ ይሰብረዋል፣ የወጣውን መልእክት ኮፒ አድርጎ ዲስክሪፕሽኑ ላይ ይለጥፈዋል። ሪቪው የሚያደርገው ሰው ኮዱን ከማየቱ በፊት መልእክቱን ብቻ አንብቦ ምን እንደተበላሸ በአንድ አረፍተ ነገር ይጽፋል። የጻፈው ከተሰበረው ነገር ጋር ከገጠመ ያልፋል፣ ካልገጠመ መልእክቱ ይስተካከላል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ጊዜ ይበላል ብለው ነበር፣ እውነት ነው ትንሽ ይበላል፣ ግን ይሄ ነገር ሌላ ጥቅምም አለው፣ ሲሰበር ጭራሽ የማይወድቅ ቴስት እዛው ይያዛል። እንደዛ አይነት ቴስቶች ከምታስቡት በላይ ይበዛሉ።

ቱሉን ራሱን የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ መልእክቶቹን ራሳቸውን ቴስት አድርጉ፣ አለበለዚያ የሆነ ሰው ሪፋክተር ሲያደርግ (ኮዱን መልሶ ሲያደራጅ) ይጠፋሉ። ሙሉውን አረፍተ ነገር ግን አትፈትሹ፣ ኮማ በተቀየረ ቁጥር ይወድቅባችኋል። ኢንፑቱ፣ የተጠበቀውና የተገኘው ውስጡ መኖራቸውን ብቻ ፈትሹ። ፓይቴስት ሬይዝስ ላይ ማች የሚባለው ሬጌክስ (የጽሁፍ ማዛመጃ ፓተርን) ነው የሚቀበለው፣ ስለዚህ ነጥብና ቅንፍ ያለበት ጽሁፍ ከሆነ በሪ ኢስኬፕ አሳልፉት፣ 115.00 ውስጥ ያለችው ነጥብ ኢስኬፕ ሳትደረግ ከቀረች ማንኛውንም ካራክተር ትቀበላለች።

ያለውን ሁሉ በአንዴ ለመቀየር አትሞክሩ። የቲማችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ወደኋላ ሂዱና «ይሄ ኤረር ምን ማለት ነው?» ተብሎ በተደጋጋሚ የተጠየቀበትን ፈልጉ፣ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፣ ከዛ አሰርት ትሩ የሚለውን ኮዱ ውስጥ ሰርች አድርጉና ከአንድ ፋይል ጀምሩ። ሞክራችሁ የቸገራችሁ መልእክት ካለ እዚህ ለጥፉት፣ አብረን እናየዋለን፣ ሚስጥር ነገር ግን አጥፍታችሁ።